የአሰብ ተራራ ብርድ

አባቴ ደሴን ለቆ አሰብ ከወረደ ብዙ ዘመኑ ነበር፤ የደሴውን ተራራ ጦሳን ግን አንድ ቀንም ለቆት አያውቅም። ምሳ ላይ ጦሳ፣ እራት ላይ ጦሳ። ወጡ ትንሽ ቀዝቅዞ ከቀረበ "ይሄ ምን ቀዘቀዘ ይባላል፣ ጦሳ ላይ እኮ..." ብሎ ይጀምራል። እኔ አሰብ ተወልጄ አሰብ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ከፍሪጁ በቀር የሚበርድ ነገር አልነበረም። እንደ አባቴ አባባል በልጅነቱ ጠዋት ተነስቶ ጦሳ ተራራ ጫፍ ይወጣና ቁርስ ሳይቀርብ ተመልሶ ይገባል። እናቴ ይሄን በሰማች ቁጥር "ለመሆኑ ቁርሱ ስንት ሰዓት ነበር የሚቀርበው?" ትለዋለች። እሷ የናዝሬት ልጅ ናት፣ በተራራ ነገር አትደነቅም።

አባቴ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ የስንዴና የማዳበሪያ ጆንያ ከመርከብ እያነሳ ሲያወርድ ይውላል። ሰውን ሁሉ ቁልቁል ማየት ስለለመደ ቤት ከገባም በኋላ ከላይ አይወርድም። በዚያ ላይ ድምፁ! ታች ላለው ወዛደር ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ነው፤ "ጨው አቀብይኝ" ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

ይህ ሰው ስለ አሰብ ልጆች አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበረው። ሰው አይሆኑም። "ዳገት ያላየ ልጅ ጉልበት የለውም፤ ብርድ ያልነካው ልጅ ልብ የለውም" ይላል። ሰባተኛ ክፍል ስገባ እምነቱ ወደ ውሳኔ ተለወጠ። ክረምት ሲገባ ደሴ፣ አክስቴ ዘንድ፣ ታላቅ እህቱ ቤት ሄጄ እዚያው እንድማር ቆረጠ። አክስቴን የማውቃት በፎቶ ነው፤ በፎቶውም ላይ ጋቢ ተከናንባለች። "ሙቀቱ ነው ያሰነፈሽ" አለኝ። የሒሳብ ውጤቴ በሙቀት ምክንያት መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት። ባውቅ ኖሮ ለአስተማሪው እነግረው ነበር።

እኔ ግን ከአሰብ መሄድ አልፈለግሁም። ከትምህርት ቤት መልስ ባሕር ውስጥ የምንነከረው ልጆች ነበሩኝ። አልጋችንን ግቢ አውጥተን የምንተኛበት፣ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተጯጯህን የምናመሽበት መንደር ነበረኝ፤ ጸብ በአማርኛ ጀምረን፣ በአፋርኛ ተሰዳድበን፣ በትግርኛ የምንታረቅበት መንደር። ይሄን ሁሉ ትቼ ከማላውቃት ሴትዮ ጋር እሳት ልሞቅ? ለመንኩ፣ አለቀስኩ። አባቴ እንባዬንም የሙቀት ጣጣ ነው አለው።

በዚያው ዓመት አንድ አዲስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ከአዲስ አበባ መጣልን። ቀጭን፣ ወጣት፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለየው። አሰብ የሚመጣ አስተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ወር እንደዚያ ነው፤ አገር ሊያቀና ይነሳል። በሁለተኛው ወር የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ሽርጥ አገልድሞ ጥላ ጥላውን ይላል። ይሄኛው ገና በመጀመሪያው ወሩ ላይ ስለነበር "የተራራ ጉዞ ክበብ" አቋቋመ። ዕቃችንን በጀርባችን ተሸክመን ሜዳውን በእግር እናቋርጣለን፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ ከሚታየው ጥቁር ኮረብታ ሥር እናድራለን፣ ጠዋት በገመድ እየታገዝን ጫፉ ላይ እንወጣለን። "ጽናት! ራስን መቻል! የቡድን ስሜት!" አለ፣ በየመሃሉ ፊሽካውን እየነፋ። እኛ የገባን አርብ ከሰዓት ትምህርት እንደማይኖር ነው። ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

ኮረብታው ድሮ እሳተ ገሞራ ተፍቶ የሄደው የጥቁር ድንጋይ ክምር ነው። ዛፍ የለበት፣ ሣር የለበት። ከተወለድን ጀምሮ እያየነው ኖረናል፤ ግን ማን እዚያ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ፍየል እንኳ ዞራው ነው የምታልፈው።

ለአባቴ በእራት ሰዓት ነገርኩት።

"አባዬ፣ ተራራ ልንወጣ ነው።"

"የቱን ተራራ? ያችን የከሰል ክምር?" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አናደደኝ። "ጫፏ ላይ ብደርስስ? ሸክሜን ራሴ ተሸክሜ፣ ሳላለቅስ፣ ጫፏን ብረግጥ ደሴ መሄዴ ይቀራል?"

እናቴ መጉረሷን ተወች። አባቴ ትንሽ አሰበ፤ የሚያሸንፍ ሰው ፊት ነበረው። "እሺ። ከነሸክምሽ፣ ሳታለቅሺ፣ ጫፍ ከረገጥሽ ትቀሪያለሽ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሐምሌ ላይ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነሽ።"

"ማልልኝ።"

"ጦሳን!" አለ። በቤታችን ከዚህ የከበደ መሐላ አልነበረም።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የእኛ ትምህርት ቤት ወላጅ ማለት የወደብ ወዛደር፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ነው፤ ሁሉም ከደጋ እንጀራ ፍለጋ የወረደ። ቲቸር ሳይንሱን ሊያስረዳ ተነሣና "ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ይቀንሳል" አለ። እውነቱን ነው፣ መጽሐፉም ላይ አለ። ችግሩ አንድም ሰው "ለመሆኑ ይቺ ኮረብታ ምን ያህል ትረዝማለች?" ብሎ አለመጠየቁ ነው። ለደገኛ ተራራ ማለት ብርድ ነው፣ አለቀ። "ይቀንሳል" የምትለውን ቃል እንደሰሙ ሁሉም የየአገሩን ተራራ ይዞ ተነሣ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ቴክኒሻን ውርጭ የሰው ጆሮ ሲያደርቅ በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። አንዲት እናት ጉና ላይ ስለሞተ በቅሎ እያነሣች እንባ ተናነቃት። የጉምሩኩ ጸሐፊ እንጦጦን ይዞ ብድግ አለ፤ ሳቁበትና ተቀመጠ። ወይ ጉድ! ማራገቢያው ከላይ እየተንገጫገጨ፣ ላብ በጀርባቸው እየወረደ፣ ልጆቻቸው በብርድ እንዳይሞቱ ተማከሩ።

በመጨረሻ አባቴ ተነሣ። ስለ ጦሳ የተናገረውን ወደቡ ላይ ያሉ መርከበኞችም ሳይሰሙት አልቀሩም። ሲጨርስ ስብሰባው በአንድ ድምፅ "ተራራ የሚያውቅ ሰው አብሯቸው ይሂድ" ብሎ አባቴን መረጠ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ዳኛዬ አብሮኝ ሊሄድ ነው።

አሰብ ውስጥ ሹራብ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ቢኖር ባለሱቁን ወደ ሐኪም ይወስዱት ነበር። ስለዚህ እናቶቹ ወደ ጭነት መኪናዎቹ ዘመቱ። ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚወርዱ ሾፌሮች ደጋ ላይ የሚለብሱትን ካፖርት ሚሌ ሲደርሱ አውልቀው ወንበር ሥር ይወረውሩታል። እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ነው። እናቶቹ ይሄን ያውቃሉ። በሁለት ቀን ውስጥ መናኸሪያው ላይ ካፖርት ያለው ረዳት አልቀረም። አንዱ ረዳት "እንዴ፣ የት ያለ ተራራ ነው?" ብሎ ጠይቆ ነበር፤ "አንተ ደሞ፣ ልጆቹ ይበርዳቸዋል ስንልህ!" ብለው ተቆጡት። አባቴ ከአንድ የደሴ ሾፌር ያገኘው ካፖርት ወፍራም፣ አንገቱ የተነሣ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነበር። መስታወት ፊት ለብሶት ቆሞ ወደ ጎን ዞሮ ራሱን አየ። ከዓመታት በኋላ ልክ የሆነለት ልብስ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

የጀርባ ሻንጣ የሚባል ነገር ስላልነበረ ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፋልን። የወደብ ሰው ደግሞ ጭነት ማሰር ያውቅበታል። አባቴ የእኔን ጆንያ መርከብ እንደሚጭን ሰው ሞላው፤ ሁለት ሹራብ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያ። እኔ ከሥር ያስቀመጥኩትን የውሃ ጀሪካን መዝዞ አወጣው።

"ይሄ ምን ያደርግልሻል?"

"ልጠጣው ነዋ!"

"ተራራ ላይ ምንጭ አለ። እኔ ውሃ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው አይቼም አላውቅ። ይስቁብሻል።"

"ማን ነው እዚያ የሚስቅባት?" አለች እናቴ ከበሩ ላይ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ አሰብ ነው!"

"ተራራ የትም ተራራ ነው!" ብሎ የጆንያውን አፍ ጠፈረው።

እናቴ እሱ ሲወጣ ጠብቃ አንዲት ኮዳ ሞልታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። "ከሱ ጋር አትከራከሪ፣ ጠጪ ብቻ" አለችኝ። ስለ ተራራ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሠራው ይሄ ነው።

ገመዱን አልረሳሁትም። ቲቸር ለመውጫ የሚሆን ገመድ ለወደቡ ሰዎች ጠይቆ ነበር። ወደብ ገመድ አያጣም፣ መርከብ የሚታሰርበትን ሰጡን። ውፍረቱ የኔን ክንድ ያስንቃል። ለመውጣት እንዲረዳን የተሰጠንን ገመድ በየተራ እየተሸከምን፣ እያማረርን፣ እየተረጋገምን ነው ሜዳውን ያቋረጥነው። ቲቸር ከፊት ሆኖ "የቡድን ስሜት!" ይላል። የቡድን ስሜታችን አንድ ነበር፤ ሁላችንም ጠላነው።

አንድ ፒካፕ በርሜል ውሃ ጭና ቀድማ ኮረብታው ሥር ጠበቀችን። ማታ በወደብ ሸራ ላይ ተኛን። ብርድ ልብሱን ሁሉ ከሥር አነጠፍነው፤ ከላይ ልልበስ የሚል አልተገኘም። አባቴ ብቻ ካፖርቱን እንደለበሰ ተጋደመ። "ብርዱ ንጋት ላይ ነው የሚጀምረው" አለ።

ንጋት ላይ አልጀመረም። ፀሐይዋ ከባሕሩ ወጥታ ድንጋዩን ነካችው፤ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የሰጡትን ሙቀት አይመልስም። ቲቸር ፊሽካውን ነፋና "ሁሉም ከነሸክሙ!" አለ። በርሜሉ ሥር ቀረ። ኮዳ ያለው ኮዳውን ሞላ፣ የሌለው "ምንጩ ላይ እንጠጣለን" አለ፤ የአባቴ ስብከት ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶት ነበር። መውጣት ጀመርን። ድንጋዩ ስለት ነው፣ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። ገመዱ ምንም የሚያገለግልበት ቦታ አልተገኘም፤ ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ቋጥኝ ሥር አስተኛነው። ሳይኖር አይቀርም እስከ ዛሬ፣ የሚያስረው መርከብ እየጠበቀ።

"ጋሼ፣ ምንጩ የት ነው?" አለው ከኋላችን የሚወጣው የጉምሩኩ ጸሐፊ ልጅ።

"ከፍ ሲል ነው" አለ አባቴ።

ከፍ አልን። ልጆቹ አንድ በአንድ ካፖርታቸውንና ሹራባቸውን እያወለቁ ይወረውሩ ጀመር። ከጆንያው ውስጥም ጋቢ ተጣለ፣ ኮፍያ ተጣለ፣ ያ ጥቁር ተዳፋት ቅዳሜ ገበያ የቆመበት መሰለ። እኔ ግን አልጣልኩም። ውሌ ከነሸክሜ ነው። ጆንያው ጀርባዬን ያቃጥለኛል፣ ሱፉ በጆንያው ቀዳዳ እየወጣ አንገቴን ይበላኛል። አባቴን አየሁት። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ እንደቆለፈ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ይወጣል።

"አባዬ፣ ካፖርቱን አውልቀው እንጂ!"

"ጠብቂ፣ አሁን ይጀምራል" አለኝ።

"ምኑ?"

"ብርዱ!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴ ወረቀት አልያዘም፣ ሙሉ የደሴን ክረምት ነበር ለብሶ የሚወጣው። ትንሽ ሄደን እንደገና "አሁን ይጀምራል" አለ። ድምፁ ግን የወደቡ ድምፅ አልነበረም፣ ቀጥኖ ነበር። እኔ ወደፊት ሄድኩ። ጫፉ ይታየኝ ጀምሯል። ቲቸርና ጠንካሮቹ ልጆች ደርሰው ሲጮሁ ሰማሁ። "ባሕሩ! ኧረ መርከቦቹ! ኧረ የኛ ቤት!" እያሉ ይጣላሉ። "ነይ! ደረስሽ እኮ!" አለኝ ቲቸር እጁን እያወዛወዘ። ድንጋይ ብወረውር ጫፉ ላይ ያርፋል። በሆዴ ለአክስቴ ደህና ሁኚ አልኳት፤ በፎቶሽ ኑሪ አልኳት።

ያኔ ከኋላዬ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ዞር አልኩ። አባቴ ተቀምጧል። የተቀመጠ ሳይሆን ጉልበቱ ከድቶት የወረደ ሰው አቀማመጥ ነው። ፊቱ ቅድም ቀይ የነበረው አሁን አመድ መስሏል። ላቡ ቆሟል። ከንፈሩን ይልሳል፣ ምላሱም ደርቋል።

"ሂጂ" አለኝ። "ሂጂ እንጂ፣ ጫፉ እኮ ነው።"

ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ መለስ ብዬ ሳየው ወደ ጎን ተጋድሟል። ያን ቀን የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ አባቴ የሞተ መሰለኝ። "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የሱን ነበር የሚመስለው። ጆንያዬን ከጀርባዬ መንጭቄ ጣልኩና እየተንሸራተትኩ ወረድኩ፤ እያለቀስኩ፣ ንፍጤን በክንዴ እየጠረግሁ። ጫፍ የለ፣ ሸክም የለ፣ እንባ ደግሞ እንደ ልብ። ሦስቱም አንድ ላይ ጎደሉ።

ካፖርቱን በግድ አወለቅሁለት። በኮዳዬ የቀረችውን ውሃ ግማሹን አጠጣሁት፣ ግማሹን አናቱ ላይ አፈሰስኩ። ከዚያ ያ የረገምኩት ጋቢ ትዝ አለኝና ተመልሼ ወጥቼ ከጆንያው ጎትቼ አመጣሁት። ሁለት ቋጥኝ መሃል ወጥሬ ጥላ ሠራሁለት። ከተሸከምነው ዕቃ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ አገለገለ። ቲቸርም ከላይ እየተንደረደረ ወረደ። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነበር፣ ሲያለከልክ ይጮኻል። ነገሩን እንዳየ ልጆቹን በሙሉ እንዲወርዱ አዘዘና ውሃ ሊያመጣ እሱ ራሱ ወደ ፒካፗ ሮጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጽናት አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እኔና አባቴ ከጥላው ሥር ቀረን። ቀስ በቀስ ዓይኑ ተመለሰ። ከተቀመጥንበት ወደቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከባሕሩ ዳር ክሬኖቹ ቆመዋል።

"ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው የኔ ናት" አለ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ።"

"ትንሽ ናት" አለ። ዓይኑን አጥብቦ አያት። "እኔ ትልቅ ነበር የምትመስለኝ።"

 እጁን ያዝኩት፤ ደረቅና ትኩስ ነበር። ውሃው መጣ፣ ጠጣ፣ ተነሣ። በአንድ ጎኑ ቲቸርን በሌላው እኔን ተደግፎ ወረደ። ጫፉን ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ባየው አለቅስ ነበር፣ ያለቀስኩት ደግሞ ይበቃኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስለ ውላችን አልተናገርንም። መናገር ምን ያደርጋል? ሐምሌ ሩቅ አልነበረም።

ቤት ስንደርስ እናቴ አባቴን ማራገቢያው ሥር አስተኝታ እርጥብ ፎጣ ግንባሩ ላይ ጣለችለት። ተቆጣች፣ ተሳደበች፣ ሎሚ በስኳርና በጨው በጥብጣ አጠጣችው። ሲረጋጋ ወደ እኔ ሳይሆን ወደሱ ዞራ ጠየቀች።

"እና ደረሰች?"

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዓይኔ አብጧል፣ ጉልበቴ ተልጧል፣ ጀርባዬ ላይ ምንም የለም። አባቴ ፎጣውን ከዓይኑ ላይ ገለጥ አድርጎ አየኝ።

"ጫፏን ረግጣለች" አለ።

"ሸክሟስ?"

"ከነሸክሟ።"

"አላለቀሰችም?"

"ምን ሲደረግ! የኔ ልጅ?" ብሎ ፎጣውን መልሶ ጣለው።

እናቴ ያበጠውን ዓይኔን አየች፣ ባዶ ጀርባዬን አየች። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝ። ጓዳ ገብቼ እንደገና አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ጦሳ አልተነሣም። እናቴ አንድ ቀን ወጡን ሆን ብላ አቀዝቅዛ አቀረበችለት፤ ዝም ብሎ በላ። ቲቸርም ሽርጥ ገዛ። ካፖርቱ ለሾፌሩ ተመለሰ፣ የሌሎቹን ካፖርቶች ግን ልጆች ከተዳፋቱ እየለቀሙ ለብዙ ሳምንት መልሰዋል። ሐምሌም መጣና ሄደ። እኔ ባሕር ውስጥ ነበርኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በቀጣዩ ዓመት ጦርነት መጣ፣ መንገዱም ወደቡም ተዘጋ። እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እኛም ያገኘነውን ይዘን ከአሰብ ወጣን፣ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሦስታችን ተጣብቀን። አባቴ ክሬኗን ዞሮ አላየም። አንድ ጊዜ ከላይ አይቷታል፣ ይበቃዋል ብዬ አሰብኩ። እናቴ ለመንገድ የሰነቀችው ሦስት ጀሪካን ውሃ ነው። ማራገቢያውንም አልተወችውም። ደሴ፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ካፊያ፣ ማራገቢያ አቅፈን ወረድን። አክስቴ ልክ እንደ ፎቶው ጋቢዋን ተከናንባ ወጥታ ተቀበለችን፤ ማራገቢያውን ስታይ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

አባቴ ደሴን አልቻለውም። ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ይስላል፣ ምድጃ ሥር ይወሸቃል። ጦሳ በመስኮት በኩል ቆሞ ያየዋል፣ እሱ ጀርባውን ይሰጠዋል። አንድ ቀን አክስቴን በልጅነቱ እንዴት ቁርስ ሳይደርስ ወጥቶ ይመለስ እንደነበር ጠየቅኋት። እስክትንፈራፈር ሳቀች። "ማን? እሱ? ልጄ፣ እሱ እኮ ገና ከልጅነቱ ብርድ ፈሪ ነበር። ቁርሱንም አልጋው ውስጥ ነው የሚበላ!" አለችኝ።

አባቴ ግን ያለ ተራራ መኖር አይችልም። ሥራ የለው፣ ክሬን የለው፣ ቁልቁል የሚያየው ሰው የለው። ስለዚህ ጎረቤት ሲሰበሰብ የአሰብን ተራራ ጀመረ። "እናንተ ይሄን ተራራ ትላላችሁ? የኔ ልጅ አሰብ ላይ የወጣችውን ብታዩ!" ይላል። በመጀመሪያ ድንጋዩ ስለት ነው ነበር የሚለው፣ እውነት ነው። ቀጥሎ በገመድ ነው የተወጣው አለ፣ መርከብ በሚታሰርበት ገመድ፤ ይሄም ከእውነት ብዙ አልራቀም። በዓመቱ ተራራው ደመና ለበሰ። ደሴን በለመድነው ጊዜ ከጫፉ ላይ ውርጭ ወረደበት። እናቴ ከጓዳ ሆና "አሰብ ላይ ውርጭ!" ስትል እሰማታለሁ፣ ግን ወጥታ አትናገረውም።

አንድ እሑድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰብስበው እሱ ተረቱን ሲጨርስ፣ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። እኚህ ሰው ጦሳን በእግራቸው ስንቴ እንደወጡት እግዜር ነው የሚያውቅ። ፈገግ ብለው "እስቲ አንቺ ንገሪን ልጄ፣ አባትሽ ነው የሚያወራው። እውነት ጫፉ ላይ ደርሰሻል?" አሉኝ።

 አባቴ ምድጃው ጥግ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። አላየኝም፣ እሳቱን ነው የሚያየው። እጁን ግን አየሁት፤ የጋቢውን ጫፍ ጭብጥ አድርጎ ይዞታል።

"ደርሻለሁ እንጂ አባባ" አልኳቸው። "ሸክሙም ዳገቱም አልከበደኝም። ብርዱ ነው ያስቸገረኝ።"

አባቴ ጋቢውን ከአፉ ላይ ገለጠ።

"አላልኳችሁም?" አለ፣ በዚያ በወደቡ ድምፅ።